ግቡ ተመቷል

በወረቀት ከሆነ እኔ ጎበዝ መምህር ነኝ። ወሎ ሰፈር አካባቢ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የዕለት ዕቅዴ በወፍራም ፋይል ተጠርዞ ዲፓርትመንት ቢሮ ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። እያንዳንዱ ገጽ ቀን አለው፣ ፊርማ አለው፣ ማኅተም አለው። «አስተያየት» ከሚለው የመጨረሻ ዓምድ ሥር ሁልጊዜ የምጽፋት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፦ ግቡ ተመቷል። ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር ያገላበጠ ሰው፣ በዚህ መምህር እጅ ያለፈ ልጅ ሁሉ ዛሬ የልብ ሐኪም ሆኗል ብሎ ቢገምት አልፈርድበትም።

መምህር ያልሆነ አንባቢ ቅጹን ላያውቀው ይችላል። ከላይ የትምህርቱ ዓይነት፣ ምዕራፉ፣ ርዕሱና ቀኑ ይሞላል። ቀጥሎ «በዚህ ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ተማሪዎች» ብሎ የሚጀምር የዓላማ ሳጥን አለ። ከሥሩ አራት እርከን ይመጣል፦ መግቢያ፣ አቀራረብ፣ ማጠናከሪያ፣ ግምገማ። ለየእርከኑ ደቂቃ ይመደብለታል፤ ድምሩ 40 መምጣት አለበት። እኔ የዕቅድ ሙያ ብዬ የያዝኩት ይህንኑ መደመር ነው። አምስት፣ ሃያ አምስት፣ አምስት፣ አምስት። ድምሩ 42 የመጣበት ዕቅድ ይመለሳል። ዓላማው ከንቱ የሆነበት ዕቅድ ሲመለስ ግን አላየሁም፤ ቢመለስ ኖሮ ቀድሞ የሚመለሰው የእኔ ነበር።

እውነተኛው 40 ደቂቃ ሌላ ነው። ደወል ተደውሎ ሦስተኛ ፎቅ እስክደርስ፣ የክፍሉ አለቃ ዳስተር ፍለጋ ጎረቤት ክፍል ደርሶ እስኪመለስ፣ ከእኔ በፊት የገባው መምህር የሞላው ሰሌዳ እስኪጠፋ፣ ስም እስክጠራ፣ ያረፈዱት በር ላይ ቆመው «ቲቸር እንግባ?» እስኪሉ መግቢያው አልቋል። ግምገማ የተባለችውን የመጨረሻዋን አምስት ደቂቃ ደግሞ ደወሉ ይወስዳታል። ቅጹ ላይ አራት እርከን ቢኖርም ክፍል ውስጥ ያለው አንድ ነው፤ እኔ አወራለሁ።

የዓላማው ሳጥን ግን ያምራል። ቤንጃሚን ብሉም የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1956 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የትምህርት ግብን ከዕውቀት እስከ ምዘና በስድስት ደረጃ ከፍለው አስቀመጡ። ጉዳዩ ሲዞር ሲዞር እኛ የመምህራን ኮሌጅ ጋ ሲደርስ የግስ ዝርዝር ሆኖ ነበር። «ያውቃሉ» እና «ይገነዘባሉ» ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ አይለካም ተባልን። ይዘረዝራሉ፣ ይለያሉ፣ ያነጻጽራሉ፣ ይተነትናሉ በሉ ተባልን። ስለዚህ እኔ ግስ መምረጥ ተማርኩ። ሰኞ ይዘረዝራሉ፣ ማክሰኞ ያነጻጽራሉ፣ ሱፐርቫይዘር ይመጣል የተባለ ዕለት ይተነትናሉ። ክፍል ገብቼ የማስደርጋቸው ነገር ግን ሰኞም ማክሰኞም ያው ነው፤ እጽፋለሁ፣ ይገለብጣሉ። መገልበጥ ብሉም ካስቀመጧቸው ስድስት ደረጃዎች በአንዱም ውስጥ የለም። ሰባተኛውን ደረጃ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ዕቅድ ከትምህርቱ በፊት ይጻፋል የሚለውን ሕግ ለአዲስ ገቢ መምህራን አብራርቼ አስረድቻለሁ። የራሴ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ትምህርቱ ካለፈ በኋላ ነው። «ኢንስፔክሽን ሊመጣ ነው» የሚል ወሬ መምህራን ማረፊያ ከገባ፣ ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ካፌ አንድ ማኪያቶ አዝዤ የወሩን ዕቅድ በአንድ ምሽት እጨርሳለሁ። ይህም የራሱ ጥበብ አለው። የወር ዕቅድ በአንድ እስክሪብቶ ከተጻፈ ያሳብቃል። ስለዚህ ሁለት ሰማያዊና አንድ ጥቁር እስክሪብቶ ይዤ እሄዳለሁ። ሰኞን በአንዱ፣ ማክሰኞን በሌላው እጽፋለሁ። የአርብን ገጽ ስጽፍ እጄን ትንሽ ለቀቅ አደርገዋለሁ፤ አርብ ሰው ሁሉ ይደክመዋላ። አንዳንዱን ገጽ ጠርዙ ላይ ማኪያቶ አስነካዋለሁ፤ መምህሩ ዕቅዱን ከእጁ አይለይም እንዲባል ነው። ከዚህ ጥንቃቄ ሩቡን ለትምህርቱ አውዬው ቢሆን የዛሬው ኑዛዜ ባላስፈለገ ነበር።

ኋላ ቴሌግራም ገላገለን። መምህራን ዕቅድ የሚለዋወጡባቸው ቻናሎች አሉ፤ የዓመቱም፣ የሳምንቱም፣ የዕለቱም በዎርድ ፋይል ተዘጋጅቶ ይገኛል፣ የሚቀረው ስምና ቀን መቀየር ብቻ ነው። ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ ፍላሼን ይሰካል፣ ያትማል፣ ይጠርዛል። አንድ ቀን ከተፈረመው ላይ ኮፒ ላስነሳ ስሄድ ገጹን እያየ፣ «ቲቸር፣ እዚህ ላይ የሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ስም ነው ያለው፣ ይሁን?» አለኝ። አየሁት፤ እውነቱን ነው። ሳምንታት ሙሉ በማላውቀው ከተማ፣ ለማላውቃቸው ልጆች አስተምሬ ግቡን መትቻለሁ። ፊርማና ማኅተም አርፎበታል። «ይሁን» አልኩት።

ይህ ጠባይ ከየት መጣ ብዬ ራሴን ስመረምር ሰበብ አገኘሁ፤ ሰበብ አላጣም። እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ተሰቅለው፣ ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት ይመጣልን ነበር። የክፍሉ መምህር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፣ ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ጊዜ ከተረፈው ያጠቃልላል። ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ጠይቆ ትንሽ ዝም ይላል፤ እኛ ጥያቄውን ገልብጠን ሳንጨርስ «ትክክል ነው!» ብሎ ያመሰግነንና ይቀጥላል። ላልመለስነው መልስ መመስገን ያኔ ነው የለመድኩት። መብራት ከሄደ ትምህርቱ ሄደ፤ በማግስቱ እኛ የቀረንበት ሳይሆን እሱ የደረሰበት ላይ እንገናኛለን። ያን ጊዜ እየተናደድኩ እማረርበት ነበር። ዛሬ ጋዋን ለብሼ ሰሌዳ ፊት ስቆም የማደርገው ቁርጥ ያንኑ ነው። ፕላዝማው ከአብዛኛው ክፍል ወርዷል፤ እኔ ግን አሁንም እንደተሰቀልኩ ነኝ።

እኔም መጠየቁን አልተውኩም። ጥያቄዬ አንዲት ናት፦ «ገባችሁ?» መልሱም አንድ ነው፦ «አዎ ቲቸር!» ይህን መልስ ስልሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲለው ደስ ይላል፣ ግድግዳውም አብሮ የሚል ይመስላል። እነሱ «አዎ» የሚሉት እንድጨርስ ነው፤ እኔ የምጠይቀው እንዲያስጨርሱኝ ነው። በመካከላችን ያልተጻፈ ውል አለ። ከመስኮቱ ውጭ የሚኒባስ ረዳት «ጎተራ! ሳሪስ!» እያለ ይጮኻል። እሱ እንኳ በሩን ዘግቶ «ሳበው!» ከማለቱ በፊት ዞር ብሎ የተሳፈረውን ይቆጥራል። እኔ በየቀኑ ባዶ ታክሲ እየነዳሁ ጎተራ እደርሳለሁ።

ወደ ልብ ትምህርት ልምጣ፤ የእኔ ጉድ የወጣው እዚያ ላይ ነው። የደም ዝውውርን ለዓመታት አስተምሬዋለሁ፣ ሥዕሉን ዓይኔን ጨፍኜ እሥለዋለሁ። በየዓመቱ ፈተናው ላይ «የልብን አራት ክፍሎች ሰይም» የሚል ጥያቄ አወጣለሁ፤ በየዓመቱም ብዙ ልጅ ግራውን ቀኝ፣ ቀኙን ግራ ብሎ ይጽፋል። እኔም በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደርጋለሁ። መምህራን ማረፊያ ገብቼም፣ «የዘንድሮ ልጆች ግራና ቀኛቸውን አይለዩም» ብዬ አስቃለሁ። በየዓመቱ ያስቃል፤ በየዓመቱ «የዘንድሮ» እላለሁ።

አንድ ቀን ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ የታረመ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ይኼ በግራ በኩል ያለው ለምን ቀኝ ይባላል?» አለችኝ። ጣቷ በሥዕሉ የግራ ጎን ላይ ነበር። ከሥሩ በእንግሊዝኛ የተጻፈው «ቀኝ» ነው የሚለው። ለካስ መጽሐፉ ላይ የተሣለው ልብ የሚያየን ሰው ልብ ነው፤ ፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ቀኝ እጁ በእኛ ግራ በኩል እንደሚውለው ሁሉ፣ የልቡም ቀኝ በሥዕሉ ግራ ላይ ይውላል። ይህን አውቀው ነበር። ማወቄን ግን ረስቼዋለሁ፤ ለእኔ ግልጽ ከሆነ ቆይቷልና የሚነገር ነገር አልመሰለኝም። ከቴሌግራም ያወረድኩት ዕቅድ ውስጥ የለም፣ በሦስት እስክሪብቶ የጻፍኩት ውስጥም የለም። ልጆቹ ሥዕሉን በትክክል አይተው፣ ያዩትን በታማኝነት ጽፈው፣ ዜሮ አገኙ። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን በቃሉ የሸመደደው ልጅ ግን፣ ምን እንደሆነ ሳያይ፣ ሙሉ ማርክ አገኘ።

ለልጅቷ ምን አልኳት? «ጎበዝ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን» አልኳት። ይህች ዓረፍተ ነገር መምህር የሆነ ሁሉ የሚያውቃት መሸሸጊያ ናት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አዲስ ምዕራፍ ጀመርኩ።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተፈተኑበት ዓመት ነበር፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያ በኋላ 5.4 በመቶ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ጥፋተኛ ፍለጋው ደራ። ሥርዓተ ትምህርቱ ነው፣ ወላጅ ነው፣ ቲክቶክ ነው፣ ደሞዝ ነው፣ ኩረጃ የለመደ ትውልድ ነው። እኔም ከሁሉም ጋር ተስማማሁ። ደሞዙ ላይ አሁንም አልመለስም፤ በወር አጋማሽ ኪሱ ባዶ የሆነ መምህር ማታ ተቀምጦ ዕቅድ ያሳምር ማለት ቀልድ ነው። ሆኖም ስለ ፋይሌ የጠየቀኝ ሰው አለመኖሩ ገርሞኛል። አገሪቱ በሙሉ ወድቃ የእኔ ፋይል ውስጥ አንድም ያልተመታ ግብ አልነበረም።

ሱፐርቪዥንም አላጋለጠኝም። እንዲያውም ስሜን ያስጠራሁበት ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከመጣ ወዲህ ዋናው ቃል «ተማሪ ተኮር» ነው፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ልጆቹ በቡድን መወያየት አለባቸው። እኔ ደግሞ ስልሳ ልጅ በተጣበቀ ዴስክ ላይ ማወያየት አልችልም። ስለዚህ አንድ ቀን ቀደም ብዬ ያንኑ ትምህርት ከነጥያቄና መልሱ አስተማርኳቸው፤ በማግስቱ አዲስ አስመስለን ደገምነው። ልጆቹ ጉድ አሰኙኝ። የማይመልስ የሚመስለው ሁሉ እጁን አወጣ፣ ግንባር እየቋጠረ አሰበ፣ ትንሽ ተሳስቶ ራሱን አረመ። ሱፐርቫይዘሩ «በጣም ጥሩ ተሳትፎ» ብሎ ጻፈ። አስቂኙ ነገር በፋይናል ፈተና ላይ የመጣው ነው። ከዚያ ዓመት ትምህርት ሁሉ ልጆቹ በደንብ የመለሱት ያቺን የማጭበርበሪያ ርዕስ ነበር። ሁለት ጊዜ ተምረዋታል፤ ሁለተኛውን ጊዜ ደግሞ ያወሩት እነሱ ናቸው። በሙያ ዘመኔ ሁሉ በቅጡ ያቀድኩት ትምህርት ያ ብቻ ነው፤ ያቀድኩትም ለማታለል ነው።

ጃፓኖች «ጁግዮ ኬንኪዩ» የሚሉት አሠራር አላቸው። መምህራን አንዱን ትምህርት አብረው ያቅዱታል፣ አንዱ ገብቶ ያስተምረዋል፣ ሌሎቹ ክፍሉ ውስጥ ቆመው ያያሉ፤ የሚያዩት ግን መምህሩን ሳይሆን ልጆቹን ነው። የትኛው ልጅ የት ላይ ተሰናከለ፣ ምን ብሎ ጻፈ፣ ምን ሰርዞ ምን ተካ የሚለውን ይመዘግባሉ። የእኛ ሱፐርቫይዘር ግን ከኋላ ተቀምጦ ጋዋኔ ንጹሕ መሆኑን፣ ሰሌዳውን በሦስት መክፈሌን፣ ድምፄ መሰማቱን ይመዘግባል። ቅሬታ አይደለም፤ ጋዋኔ ንጹሕ ነው፣ በዚህ ተጠቅሜበታለሁ።

ለነገሩ ጃፓን ድረስ መሄድ ምን ያስፈልጋል? ታናሽ ወንድሜ ልጁን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ፊደል ያስቆጥረዋል፤ አንዳንድ ቅዳሜ የማደርሰው እኔ ነኝ። የኔታ ዕቅድ አይጽፉም፣ የሚፈርምላቸውም የለም። ልጁ ሀ ሁን በዜማ እያወረደ ሲያነበንብ እኔ አጎቱ በኩራት አበጥኩ። የኔታ ግን አልተደነቁም። መሀል ላይ ያለች አንዲት ፊደል በስንደዷቸው ነክተው «ይቺስ?» አሉት። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ከላይ ጀምሮ በዜማው እየወረደ እዚያች ፊደል ላይ ሲደርስ ተናገራት። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አልያዘም። የኔታም ፈገግ ብለው ወደ ኋላ መለሱት። ዜማውን የሚያፈርሰው አቡጊዳ ገና ከፊቱ ነው። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ ሲባል ፊደሉም ይዘላል፣ ድምፁም ይቀያየራል፤ ሀ ሁን በጆሮው ብቻ የያዘ ልጅ እዚያ ላይ ይያዛል። ብሉም ሳይወለዱ በፊት አባቶቻችን ሽምደዳን የሚያጋልጥ ፈተና ሠርተው አስቀምጠዋል ማለት ነው። እሱን ያላለፈ ልጅ ወደ ንባብ፣ ወደ ዮሐንስ መልእክት አይሻገርም። ከጎኑ ያለው እኩያው ቢያልፈውም ማንም ግድ የለውም፤ እያንዳንዱ የደረሰበትን የኔታ ያውቁታል። በእርግጥ የኔታ ስልሳ ልጅና 40 ደቂቃ አልተሰጣቸውም፤ ለክርክር ያህል ይህን አነሳለሁ። ግን «ገባህ?» ብለው ሲጠይቁ አንድም ቀን አልሰማሁም።

በዚህ ተነክቼ ዘንድሮ ልብን በአዲስ መልክ ላስተምር ቆረጥኩ። መጀመሪያ የመጨረሻውን ጥያቄ ጻፍኩ፦ «ይህ ልብ የእናንተ ደረት ውስጥ ቢሆን ቀኙ በየት በኩል ነው? ግድግዳው ወፍራም የሆነው የትኛው ጎን ነው፣ ለምን?» ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለስኩ፣ ይህን ለመመለስ ልጁ ምን ማየት አለበት አልኩ። መልሱ እውነተኛ ልብ ነው። ቅጹ ላይ «መርጃ መሣሪያ» ከሚለው ትይዩ «የበሬ ልብ» ብዬ በየዓመቱ እጽፍ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ልገዛ ተነሳሁ። ቀኑን ረቡዕ አደረግኩት። ደቂቃ ሳይቀር አቅጄ፣ ድምሩን 40 አምጥቼ፣ ጠዋት ሉካንዳ ቤት ስሄድ ተዘግቷል። ረቡዕ ጾም ነው። ወሎ ሰፈር እየኖርኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ረቡዕ እየጾምኩ፣ የጾም ቀን ሥጋ ቤት እንደሚዘጋ ዕቅዴ ውስጥ አላስገባሁም።

ሐሙስ ተሳካ። ሥጋ ሻጩ «ለዱለት ልብ ምን ያደርግልሃል?» ብሎ ሊመክረኝ ሞከረ፤ «ላስተምርበት ነው» ስለው በነጻ አንዱን ጨመረልኝ። ክፍል ውስጥ ሰነጠቅነው። ልጆቹ ጣታቸውን እያስገቡ ግድግዳውን ዳሰሱ፤ ደምን ሰውነት ሁሉ ድረስ የሚገፋው ግራው ወፍራም፣ ሳንባ ድረስ ብቻ የሚገፋው ቀኙ ስስ መሆኑን ሳልናገር ነገሩኝ። እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን ሁለት ልብ ለስልሳ ልጅ ነው። የፊቶቹ ሁለት ረድፎች ልብ አዩ፣ የኋለኞቹ የእኔን ጀርባ አዩ። ያቺ የጠየቀችኝ ልጅ አሁን ሌላ ክፍል ተዛውራለች፤ እሷን የመሰሉ ዝምተኞች ግን ያው ከኋላ ነበሩ። የመጨረሻውን ጥያቄ ወረቀት ላይ አስጻፍኳቸው፤ ስሰበስብ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አሁንም ግራና ቀኙን ገልብጠውታል። ደወሉ ከተደወለ በኋላ የገባችው የሒሳብ መምህርት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ደም አይታ ወጣች።

የአስተያየት ዓምዱ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ግማሹ ክፍል አላየም። ግራና ቀኝ አልተለየም። በሌላ ክፍለ ጊዜ ይደገማል።» ገጹ ሳይፈረም ተመለሰልኝ። እንዲህ ያለ አስተያየት ፋይል ውስጥ ከገባ ዲፓርትመንቱን ያስጠይቃል ተባልኩ። ተከራከርኩ ብል ደስ ባለኝ። እዚያው ቆሜ፣ በሰማያዊው እስክሪብቶ፣ የለመድኩትን ጻፍኩ። የልጆቹን ወረቀቶች ግን አልጣልኳቸውም፤ ቦርሳዬ ውስጥ አሉ፣ ትምህርቱንም ማክሰኞ ደግሜዋለሁ፤ በዓመታዊ ዕቅዱ ላይ ያ ማክሰኞ ሌላ ርዕስ ተሰጥቶበታል።

የሚቀጥለው ኩላሊት ነው። ሥጋ ሻጩን አሥር ኩላሊት ለይልኝ ብዬዋለሁ፤ ለስድስት ልጅ አንድ ይደርሳል። የዱለት ደንበኞቼን ልታስቀይምብኝ ነው ብሎ ተነጫነጨ፤ ዋጋውንም እንደ ልቡ ጊዜ አይተውልኝም። ገንዘቡ ከኪሴ ነው፣ የወሩ ቀን ደግሞ 22 ነው። ዕቅዱን ዛሬ ማታ መጻፍ አለብኝ፤ ቴሌግራም ላይ ያለውን አንድ ጊዜ ብቻ አይቼ እዘጋዋለሁ።